የረገምነው ድንጋይ

ስለቴ ሲሰምር ለሰው እናገራለሁ ብዬ ነበርና እነሆ።

እናታችን አዲስ አበባ ወገቧን ኦፕራሲዮን ከሆነች በኋላ መቀመጥ አቃታት። ባህር ዳር ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወንድሜ አሮጌ ቮልስዋገን ኮምቢ አለው፤ ውስጡ አልጋ የተሠራለት። ጣና ዳር እንግዳ ያዝናናበታል። እሷን አስተኝተን በዚያው ወደ ቤት ተነሣን።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳያበዛ ጨረሰው። ጉዱ ከድልድዩ ማዶ ነው። እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት፣ በዚያ ላይ የበረሃው ሙቀት። ግማሽ ሳንደርስ ቀይ መብራት በራ። ቺንጋው ተበጥሷል። የድሮ ኮምቢ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ፋኑን የሚያዞረው ደግሞ ያ ቺንጋ ነው። ከተበጠሰ ወዲያው ማጥፋት ግድ ነው። በኋላ የደረሰ ሁሉ "ላዲያተሩን ውሃ ጨምሩለት" ይለን ነበር። ላዲያተር የለውማ!

ወንድሜ ማርሽ አስገብቶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ ወረደ። የኮምቢ ሞተር ከኋላ ነው። ሄዶ ክዳኑን ከፍቶ አጎነበሰ። ያኔ ማርሹ ዘለለ። ደካማው የእጅ ፍሬን ብቻውን አልቻለም። መኪናው ወደ ኋላ፣ በቀጥታ ወደ እሱ መንሸራተት ጀመረ። እኔ እናቴ ጎን ነኝ፤ ፍሬኑ ጋ አልደርስም።

"የዑራ ኪዳነ ምሕረት ድረሽልን! ጥላ ይዤ እመጣለሁ!" ብዬ ጮኽሁ።

ጓ! አለና ቆመ።

የኋላው ጎማ ድንጋይ ተደግፏል። የከባድ መኪና ረዳቶች ታኮ አድርገውት መንገድ ላይ ጥለውት የሚሄዱት ዓይነት ድንጋይ። በሌሊት ስንቱን ለአደጋ የሚዳርግ፣ ሾፌር ሁሉ የሚረግመው። እኛም ስንረግመው ነው የኖርነው። "አጋጣሚ ነው" የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። ከዚያ ሁሉ አስፋልት መርጦ ጎማው ሥር ያስቀመጠውን እኔ አውቃለሁ።

አንድ የአይሱዙ ሾፌር በገመድ ጎትቶ ደጀን አደረሰን። ቺንጋ እዚያ ተገኘ። ከመሄዳችን በፊት ድንጋዩን ከአስፋልቱ አውጥተነዋል።

እናቴ ከዳነች በኋላ አብረን በጀልባ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወዳለችበት ዘጌ ተሻግረን ጥላውን አገባን። ወንድሜ አሁን ትርፍ ቺንጋና የእንጨት ታኮ ሳይዝ አይወጣም። እናቴ "እንጨቱን ተወውና ስሟን ጥራ" ትለዋለች። እሱ ሁለቱንም ያደርጋል።