ግድግዳ የሌለው ውሃ

ከሐይቅ ከተመለስኩ ቆየሁ ግን የእግሬ ጣቶች እስካሁን አልሞቁም፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ሻይ እየጠጣሁ ነው የምጽፈው። ሲያትል ያላችሁ ሌክ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ያለውን ሴዋርድ ፓርክን ታውቁታላችሁ፣ ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ ወስደን ዙሪያውን የምናስጎበኝበት፣ እኔም ለስንት ዓመት ሌክ ዋሽንግተንን እንደ ፎቶ ጀርባ ብቻ ነበር የማየው። አሁን ስፕሪንት ትራያትሎን ተመዝግቤ (750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ) ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት እዛው ውስጥ ነኝ።

ፑል ውስጥ መዋኘት የሚችል ሰው ሐይቅ ላይ ለምን እንደሚደነግጥ ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው። ፑል ላይ ከታችሽ ጥቁር መስመር አለ፣ ቢደክምሽ ትንሽ ቆይቶ ግድግዳው ይመጣል፣ ሳታስቢው እሱን ይዘሽ ነው የምታርፊው። እዚህ ፊትሽን ስትነክሪ አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው፣ ከዛ ከታች የሚበቅለው ረጅም አረም ድንገት እግርሽን ይነካሻል፣ አረም መሆኑን እያወቅሽም ያስጮህሻል። ጥልቅ ቦታው ደሞ ከ60 ሜትር በላይ ነው። ይሄንን ባላነብ ይሻለኝ ነበር፣ ለመስመጥማ ሦስት ሜትርም ይበቃል እኮ።

ዛሬ ስለ ትንፋሽ ነው በደንብ ማሰብ የፈለግኩት። ቀዝቃዛ ውሃ ሰውነት ላይ ድንገት ሲያርፍ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፣ ከዛ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል ልብም ይመታል፣ ይሄ የፈሪ ወይ የጀግና ጉዳይ አይደለም፣ ቆዳ ብርድ ሲነካው የሚመጣ ነገር ነው፣ እና ሁለት ሦስት ደቂቃ ከታገሱት ያልፋል። ስለዚህ ዘሎ መግባት የለም። እስከ ወገብ እገባና ፊቴን ታጥቤ፣ በዌትሱቱ (ሙቀት የሚይዘው የላስቲክ የዋና ልብስ) አንገት በኩል ትንሽ ውሃ ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ ፊቴን ነክሬ በአፍንጫዬ አረፋ እያወጣሁ እቆማለሁ፣ ትንፋሼ ወደ ቦታው ካልተመለሰ አንድ ክንድ አልሰነዝርም።

አብራኝ የምትሰለጥነው ልጅ ማራቶን የሮጠች ናት፣ መሬት ላይ አጠገቧ አልደርስም፣ ውሃ ላይ ግን ትቸገራለች። ምክንያቱ ሩጫው ራሱ ይመስለኛል። ሩጫ ላይ ሲከብድሽ ጥርስሽን ነክሰሽ ትጨምሪያለሽ፣ እኛ ደሞ በዚህ ነው ያደግነው፣ ቻል አርጊው ነው ነገሩ ሁሉ። ውሃ ላይ ስትጨምሪ እግርሽ በኃይል ይራገጣል፣ ትንፋሽ ያጥርሻል፣ አየር ፍለጋ ጭንቅላትሽን ቀና ስታደርጊ ዳሌሽ ይሰምጣል፣ ስለሰመጠ ደሞ ይባስ ይከብድሻል። የሚያፍነው ስሜት ደሞ ብዙውን ጊዜ አየር ስላጣሽ ሳይሆን ያልወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለተጠራቀመ ነው፣ መድኃኒቱ ውሃው ውስጥ ሆኖ ትንፋሽን ጨርሶ ማውጣት ነው። ዛሬ መሀል ላይ ስትደናገጥ በጀርባዋ ተገልብጣ ሰማይ እያየች ቆየች፣ ዌትሱቱ ያንሳፍፋል፣ እኔም አጠገቧ ዝም ብዬ ጠበቅኳት፣ ከዛ ራሷ ስቃ ቀጠለች።

በነገራችን ላይ 2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ የኛው ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ገደማ ሲጨርስ ዓለም ሁሉ የሳቀበት ትዝ ይላችኋል? አሁን ሰዓት ይዤ ስዋኝ ነው የገባኝ፣ እኔ ያንን ሰዓት በህልሜም አላየውም።

ዌትሱት መልበስ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። እግሬን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ሳስገባው ሸርተት ይላል፣ እጄንም እንደዛው፣ ይሄን ያገኘ ሰው ይባረክ። አንገት ላይ ቫዝሊን አትቀቡ፣ ላስቲኩን ይጎዳል፣ ለሱ የተሠራ ቅባት አለ። እስከ ብብት በደንብ ሳይሳብ ከቀረ ትከሻን ወደ ታች ይጎትታል፣ ደረትና አንገትንም ሲጨመድድ የታነቅሽ ይመስልሻል፣ ግማሹ ፓኒክ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሹሩባ ለምንሠራ ደሞ ተራው ኮፍያ አይገባም፣ ሰፋ ያለውን ፈልጋችሁ ግዙ።

አቅጣጫ ላይ ገና ነኝ። በየስምንት አሥር ክንዱ ዓይንን ብቻ ከውሃው በላይ አውጥቶ ማየት፣ ከዛ ወዲያው ወደ ጎን ዞሮ መተንፈስ ነው የሚባለው። ተንሳፋፊው ምልክት በማዕበል ስለሚጠፋ ከጀርባው ያለ ረጅም ዛፍ መያዝ ይሻላል። ራይነር ተራራን ይዤ ልሂድ ብዬ ነበር፣ ቆንጆ ነው ግን ከመግዘፉ የተነሳ ስትጣመሚም ፊት ለፊትሽ ያለ ነው የሚመስለው።

ውድድሩን ሳስብ ደስ ያለኝ ሕግ ምን መሰላችሁ፣ ሲደክምሽ ካያክ (በመቅዘፊያ የምትሄደዋን ትንሽ ጀልባ) ይዘሽ ማረፍ ትችያለሽ፣ ካያኩን ይዘሽ ወደፊት እስካልሄድሽ ድረስ አትባረሪም። ይሄን ሳነብ ቀለል አለኝ። መነሻው ላይም ከጎን ወይ ከኋላ እቆማለሁ፣ መሀል ገብቼ ክርን የምቀምስበት ምክንያት የለኝም። ትራያትሎን ላይ ሰው የሚሞተው በብዛት ውሃ ዋናው ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ከልብ ጋር የተያያዘ ነው፣ እና አርባን ያለፋችሁ ልባችሁን ሳትታዩ አትግቡ። እማዬ ጋር ስደውል ይሄን አልነገርኳትም። እሷ እንደሆነ "አንቺ ልጅ መሬት ጠበበሽ ወይ?" ብላ ጨርሳለች።

ብርቱካናማ ፊኛ ወገባችን ላይ አስረን ነው የምንዋኘው ጀልባ እንዲያየን፣ ብቻችንን ደሞ አንገባም። ካያክ ያለው ሰው ካለ ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት አጠገባችን ቢቀዝፍልን ቁርስና ቡና በኛ ነው፣ ፍርፍርም እሠራለሁ።