ጥሪው ላይ ያልተጻፈው

ደሴ ውስጥ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ከከፈትኩ ቆየሁ። እንዲህ ያለ ቤት የሚውል ሰው የከተማውን ነገር ከብዙዎች ቀድሞ ይሰማል። የቤት ሽያጭ ውል፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ደግሞ ለወረቀቱ የሚሆነውን ብቻ ነግሮ አይሄድም። ሆዱን ይዘረግፈዋል።

አንድ ማክሰኞ የቀበሌያችን ሠራተኛ ፍላሽ ይዞ መጣ። ጥሪ ሊያሳትም ነው። ፋይሉን ከፈትኩት። «ለቀበሌያችን ነዋሪዎች በሙሉ። እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አማካሪ ምክር ቤት አባላት ምርጫ ስለሚካሄድ በቀበሌው አዳራሽ በሰዓቱ እንድትገኙ እናሳስባለን» ይላል። ከሥሩ በደማቁ «አለመገኘት ያስጠይቃል» ተጽፏል። አለቀ። ምክር ቤቱ ምን ይሠራል? የሚመረጠው ሰው ማንን ያናግራል? እኔ ነዋሪዋ ችግር ሲገጥመኝ ምን ይጠቅመኛል? አንድም ቃል የለም። ሠራተኛውን ጠየቅሁት። «ቅጹ ድሮም ያለ ነው፤ እኛ ቀኑን ብቻ ነው የምንቀይረው» አለኝ። አተምኩለት። ማኅተም አስመትቶ በየምሰሶው ሊለጥፍ ሄደ።

እሁድ እኔም ሄድኩ። ከፊት የተቀመጡት የዕድር ዳኞች፣ ጡረተኞችና ጥቂት እናቶች ናቸው። በየስብሰባው የማያቸው ፊቶች። ወጣት ብፈልግ በር ላይ የስም መመዝገቢያ ይዛ ከቆመችው ልጅ በቀር ማንም የለም። 3 ሰዓት የተባለው 4 ሰዓት ተኩል ሆነ። «ትንሽ እንታገስ፣ ሰው እየመጣ ነው» ይባላል። የሚመጣ ሰው ግን አልነበረም። በመጨረሻ ሰብሳቢው ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ስሞቹ ተጽፈው ነው የመጡት። ስም ይጠራል። «ድጋፍ?» ይባላል። እጅ ይወጣል። «ተቃውሞ? ድምፀ ተአቅቦ?» ሲባል ዝም። ከዚያ ጭብጨባ። አንድ ጡረተኛ መምህር «እኔ አሞኛል፣ እባካችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብለው ተማጸኑ። «ጋሼ፣ እርስዎ ካልሆኑ ማን ሊሆን ነው?» ተባሉና ተመረጡ። ሁሉም ነገር ሻይ በሚጠጣበት ጊዜ አለቀ።

በማግስቱ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ «ትናንት ለምን ቀረህ? ለምን ቀረሽ?» እያልኩ ጠየቅሁ። ለወቀሳ አልነበረም። ማወቅ ፈልጌ ነው። አንዱ «ስብሰባ ማለት መዋጮ ነው» አለኝ። ሌላው «ስሜን መዝገብ ላይ አስፍሬ ነገ ለምን እንደምፈለግ በምን አውቃለሁ?» አለ። ይህን የሚለው ሰው አይፈረድበትም። ይህ ከተማ በ2014 ጦርነት ገብቶበት፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰዶ የተመለሰበት ከተማ ነው። ስምን ወረቀት ላይ ማስፈር ለብዙዎች ቀላል ነገር አይደለም። ሌላዋ «የሚመረጡት ቀድመው ያለቁ ናቸው፤ እኔ ለማጨብጨብ ልሂድ?» አለችኝ። ከሁሉም ግን ያሳሰበኝ ከቤቴ አጠገብ ቡና የምታፈላው ሴት መልስ ነው። «እኔ እኮ የሚመረጡት ፖሊሶች መስለውኝ ነበር።»

እዚህ ላይ ሕዝቡ ሰነፍ ነው፣ ግድ የለሽ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ይኸው ሕዝብ የዕድር ዳኛ ሲመርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያረፈደ ይቀጣል። የቀረ ይቀጣል። የገንዘብ ያዥ ምርጫ ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ክርክር አለ። «እሱ ያለፈውን ዓመት ሒሳብ በደንብ አላስረዳም» ተብሎ ከፊት ተነስቶ የሚወርድ ሰው አለ። ስንት ወንበር ጠፋ፣ ድንኳኑ የት ተቀደደ፣ ትልቁን ድስት ማን ወስዶ ሳይመልስ ቀረ፣ ሁሉም በስም ተጠርቶ ይጠየቃል። ለምን? ዕድሩ ምን እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። ሞት ሲመጣ ድንኳኑ ካልተተከለ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ሒሳቡም በሁሉም ፊት ይነበባል። ሰዉ ምርጫ ቢሰለቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ጉድ የለም። ሰዉን ያሰለቸው ምን እንደሚሠራ የማያውቀው ወንበር ነው።

በዚያው ሰሞን ከወሎ ዩኒቨርሲቲ አንድ የሕግ ተማሪ የጥናት ጽሑፉን አስተካክዬ እንዳትምለት አመጣ። ፖሊስን ስለሚቆጣጠሩ ተመራጮች ነው። እያስተካከልኩ አነበብኩት። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2012 በ41 አካባቢዎች «የፖሊስና የወንጀል ኮሚሽነር» የሚባል ሹም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ተመረጠ። ሥልጣኑ ትንሽ አይደለም። የአካባቢውን ፖሊስ አዛዥ ይሾማል፣ ያነሳል። በጀቱን ይወስናል። ፖሊስ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባውን ነገር በዕቅድ ያስቀምጣል። ድምፅ የሰጠው ግን ከመራጩ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ኒውፖርት በምትባል የዌልስ ከተማ በአንድ ምርጫ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ድምፅ የሰጠ አንድም ሰው አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ በዌስት ሚድላንድስ በተደረገ የማሟያ ምርጫ ደግሞ የመጣው 10 በመቶ ገደማ ነው።

ሀብታም አገር፣ የዳበረ የምርጫ ልምድ፣ መንገዱ የተመቻቸ። ታዲያ ምን ሆኑ? ተማሪው ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱ ልቤን ነካው። በዚያ የመጀመሪያ ምርጫ የተወዳዳሪዎቹን ማንነት የሚገልጽ ወረቀት መንግሥት በየቤቱ አልላከም። ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ ተባለ። ብዙ ሰው ሹመቱ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚወዳደርበት ሳያውቅ ቀኑ አለፈ። በኋላ ከሌላ ምርጫ ጋር በአንድ ቀን ሲደረግ የመራጩ ቁጥር ከፍ ብሏል፤ ሕዝቡ ግን ሹመቱን የራሱ አላደረገውም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2025 የአገሪቱ መንግሥት ሹመቱን በ2028 እንደሚያስቀረው አስታወቀ። የእነሱ ኮሚሽነር ያዛል፣ የእኛ ምክር ቤት ያማክራል። በሥልጣን አይገናኙም። ግን ቀበሌው ካሳተመው ጥሪ ጋር ሳስተያየው ችግሩ አንድ ሆነብኝ። ስለ ወንበሩ ለባለቤቱ የነገረው የለም።

ከዚያ የባጃጁ ልጅ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። «እህቴ፣ ማመልከቻ ጻፊልኝ። ታርጋዬን ፈቱብኝ።»

«ጥፋትህ ምንድን ነው?»

«እሱን ነው የማላውቀው። የክስ ወረቀት አልሰጠኝም። ፈታው፣ ይዞት ሄደ። ጣቢያ ስሄድ የያዘው ሰው የለም ይሉኛል። ባለ ባጃጁ ደግሞ የቀን ገቢውን አምጣ ይለኛል።»

ማመልከቻው ለማን ይጻፍ? ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት መሰንበቱ ከነገረኝ ነገር ያስታውቃል። ባለፈው እሁድ በቀበሌያችን ፖሊስና ነዋሪውን የሚያገናኙ ሰዎች መመረጣቸውን ነገርኩት። ዓይኑ ፈጠጠ። «እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ?» ጥሪው የተለጠፈበት ምሰሶ ባጃጁን በየቀኑ የሚያቆምበት ተራ ላይ ነው።

ማመልከቻውን ጻፍኩለት። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የታርጋ ቁጥር። «በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 መሠረት የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን ስላለበት ታርጋዬ የተወሰደበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠኝ» የሚል መስመር አከልኩበት። ከዚያ «አሞኛል» ያሉት መምህር ቤት ይዤው ሄድኩ። ጋሼ ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ሥራችን ምን እንደሆነ ለእኛም በደንብ የነገረን የለም» አሉ። «ግን እሄዳለሁ። ሌላው ቢቀር አብሬው እቆማለሁ።» ኮታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

ጣቢያ ሲደርሱ ልጁን ብቻውን ሲመልሰው የነበረው ሰው ለጋሼ ወንበር ሳበላቸው። መዝገብ ተገለጠ። ታርጋው ከመሳቢያ ወጣ። ያልተፈቀደ ቦታ ቆመሃል ነው ክሱ። የክስ ወረቀቱ ያኔ ተጻፈለትና ቅጣቱን ከፍሎ ታርጋውን ወሰደ። ልጁ አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ግን በመጀመሪያው ቀን ቢሰጠው ኖሮ ያን ሁሉ ቀን ሥራ ፈትቶ አይከርምም ነበር። ሲመለስ «ጋሼ ምንም አልተቆጡም እኮ! ዝም ብለው ‹ለዚህ ልጅ ወረቀቱ የታለ?› ነው ያሉት» አለኝ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ከተመረጡት አንዳንዶቹ በሥራም በሕመምም ጎደሉና ማሟያ ምርጫ ተባለ። የቀበሌው ሠራተኛ ያንኑ ፍላሽ ይዞ መጣ። ያንኑ ቅጽ። በዚህ ጊዜ «ቁጭ በል» አልኩት። ቡና አዘዝኩለትና አዲስ ገጽ ከፈትኩ። በጥያቄ እንጀምረው አልኩ። «ማታ ሰፈራችሁ መብራት የለም? ታርጋ ተፈቶባችሁ ወረቀት አልተሰጣችሁም? ልጃችሁ ተይዞ በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት አልቀረበም? ይህን ይዞ ከፖሊስ ጋር የሚነጋገር ሰው እሁድ ይመረጣል። ጥቆማው ከተሰብሳቢው ነው። መዋጮ የለም።»

ሠራተኛው ላብ በላብ ሆነ። «እንዲህ ብዬ ካወጣሁ እኔ ነኝ የምጠየቀው» አለ። እውነቱን ነው። «አብሽር፣ ለአለቃህ ወስደህ አሳየው» አልኩት። የ48 ሰዓቱ ነገር ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ በግልጽ እንዳለ አሳየሁት። በማግስቱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ መጣ። የታርጋውና የ48 ሰዓቱ ጥያቄ ወጥተዋል። የመብራቱ፣ የጥቆማውና የመዋጮው ግን ቀርተዋል። «አለመገኘት ያስጠይቃል» የሚለውም ተሰርዟል። እሱን መሰረዛቸው ብቻ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ለገዛ መብትህ በማስፈራሪያ ስትጠራ እግርህ እንዴት ይነሳል?

ጋሼ ደግሞ ጥሪውን ዕድር ላይ አነበቡት። የባጃጁ ልጅ በተራው ላይ አዳረሰው። እሁድ አዳራሹ አልሞላም፤ ሞላ ብዬ አላጋንንም። ግን ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ ወጣቶች ነበሩ። ቡና የምታፈላዋ ጎረቤቴም መጥታለች። ሰብሳቢው እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ ከኋላ «ጥሪው ላይ ጥቆማ ከተሰብሳቢው ነው ይላል!» የሚል ድምፅ መጣ። ጭቅጭቅ ተነሳ። ረጅም ጭቅጭቅ፣ ልክ እንደ ዕድሩ። በመጨረሻ ወረቀቱ ወደ ኪስ ተመለሰ። ከተጠቆሙት አንዷ ጎረቤቴ ሆነች። «እኔ ማንበብ ብዙም አይሆንልኝ» ብትል «ሌሊት ማን እንደሚዘርፈን ግን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም» ተባለችና በአብላጫ ድምፅ ተመረጠች። ጎሕ ሳይቀድ ከሰል የምታቀጣጥል ሴት ናት፤ እውነታቸውን ነው።

አሁን የቀረን ሪፖርቱ ነው። ምክር ቤቱ ምን አቤቱታ እንደደረሰው፣ ከፖሊስ ምን መልስ እንደተሰጠ በየሩብ ዓመቱ ለነዋሪው ይነበብ ብለን ማመልከቻ አስገብተናል። እኔ ጻፍኩት፣ ጋሼ አረሙት፣ የባጃጅ ተራው ልጆች ፈረሙበት። ጎረቤቴም ቡና ሊጠጣ የመጣውን ሁሉ እያነበበ እንዲፈርም ታደርጋለች። ቀበሌው ተቀብሎ ቁጥር ሰጥቶታል። መልሱ ገና ነው።