በሯን አንኳኳሁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከየካቲት 14 ቀን 2011 ዓ.ም. ማታ ልጀምር። የቀረውን እየመለስኩ እነግራችኋለሁ። ልቤ እስካሁን እዚያች ሌሊት ላይ ነው ያለው።

ሐሙስ ነበር። የነነዌ ጾም በዋዜማው ተፈትቷል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ጠበቃችን ናት።

"እትዬ፣ መዝገቡን ደግሜ ሳየው የእርቁ ውል የመጀመሪያ ገጹ ብቻ ነው ያለው። ጣት ያረፈበት ገጽ የለም። ዋናውን ይዘሽልኝ ነይ። ነገ 3 ሰዓት ዳኞቹ ፊት ነን።"

ዋናው አባቴ ጋ ነበር። አባቴ ደግሞ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ሐምሌ 2002 ታሰረ። የእርሻ ወሰን ጠብ ነው። አንድ ሽመል ተሰነዘረ፣ አንድ ሰው ሞተ። 12 ዓመት ተፈረደበት። እናታችን ስትሞት የ4 ዓመት ልጅ ነበር፤ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ከሞተ በኋላ በመንደሩ መኖር አልቻልንም። ወጥተን አማኑኤል ከተማ ዳር ቤት ተከራየን።

እስሩ 8 ዓመት ሲሞላ የአመክሮ፣ ፍርዱ ሳያልቅ በሙከራ የመፈታት ነገር መጣ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ የጨረሰ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል ይላል። ይፈታል አይልም፤ ይችላል ነው የሚለው። ጠባዩ መታረሙ በሥራው መታየት አለበት። ላደረሰው ጉዳት አቅሙ የፈቀደውን ያህል መካስ አለበት። ሲወጣም በሰላም እንደሚኖር ፍርድ ቤቱን ማሳመን አለበት። ይህን ሁሉ ያስረዳችን ያቺ ልጅ ናት። ነፃ የሕግ ድጋፍ የምትሰጥ ወጣት ጠበቃ ነች። እግዚአብሔር ይስጣት! አንዲት ብር አልነካችም። አንድ ቀን ዶሮ ይዤላት ብሄድ መልሳ አሸክማኝ ለወንድምሽ ሥሪለት አለችኝ።

አዘገጃጀቷን ባልናገር ግፍ ይሆንብኛል። ከማረሚያ ቤቱ የጠባይ አስተያየት አወጣች። ሽመና መማሩን፣ 8ኛ ክፍል መጨረሱን የሚገልጹ ወረቀቶችን ሰበሰበች። ቢፈታ ከእኔ ጋር እንደሚኖር ከቀበሌ ደብዳቤ አስጻፈችኝ። ከዚያ በጥየቃ ቀን እሱ ፊት ተቀምጣ እንደ ዳኛ ትጠይቀው ጀመር።

"ምን አደረግህ?" ትለዋለች።

"ጠብ ተነሳና..." ይላል።

"ጠቡ አይደለም የተፈረደበት። አንተ ምን አደረግህ?"

"ሰው ሞተ።"

"ማን? ስሙን ጥራው።"

ወንድሜ ያንን ስም ለ8 ዓመት ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በሦስተኛው ጥየቃ ጠራው። ጠርቶ ሲጨርስ ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እሷም ደብተሯን ዘግታ ቀና ሳትል ቆየች።

ማመልከቻው ገባ። ነሐሴና መስከረም ፍርድ ቤት ዝግ ነበር። ከዚያ ቀጠሮ፣ ደግሞ ቀጠሮ፤ እንዲህ እያለ የካቲት 15 ላይ ደረስን።

አሁን ወደዚያች ማታ ልመለስ።

ቤቱን ገለበጥኩት። ፍራሹን፣ የእህል ማዳበሪያውን፣ የአባቴን ካፖርት ኪስ ሁሉ። መጨረሻ ላይ የቀረው ከአልጋ ሥር ያለው ሳጥን ነው። እሱን መክፈት አልፈለግሁም።

ለምን እንደሆነ ልናዘዝ። ወንድሜ የተፈረደበት ቀን የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል ከግድግዳ አውርጄ እዚያ ሳጥን ውስጥ ቆልፌባታለሁ። "ስንት ሻማ አብርቼልሻለሁ! በይ አንቺም ታሰሪ" አልኳት። አምላክንም አልማርኩትም። ዳዊት "አቤቱ፥ ንቃ" ያለውን እኔ በስድብ አልኩት። ለዓመታት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተሳልሜ ከማለፍ በቀር አልገባሁም። በዚያ ሳምንት ግን ጎረቤቴ እየጎተተች ለነነዌ ወሰደችኝ። የዮናስ መጽሐፍ ሲነበብ "በውኑ ትቈጣ ዘንድ ይገባሃልን?" የሚለው ላይ ሲደርስ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ።

ቁልፉ ዝጎ ነበር። በመጥረቢያ ሰበርኩት። ወረቀቱ የለም። እሷ ነበረች፤ አቧራ ለብሳ። በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኋት። ምን ብዬ እንደጸለይኩ አላስታውስም። "ነፍሴን ከወህኒ አውጣት" የምትለዋን ብቻ ደጋግሜያለሁ መሰለኝ።

ስነሳ የማደርገውን አወቅሁት። ውሉ ላይ ጣቷን ያኖረችው የሟቹ እናት በሕይወት አለች።

አባቴ በ2005 ሽማግሌ ልኮ ለምኗል። ድንጋይ ተሸክሞ በእግሯ ሥር ተንበርክኳል፤ ካሣውን በሬ ሸጦ ከፍሏል። እርቁ ወርዷል። እኔ ግን ያንን መንደር ከዚያ ወዲህ ረግጬው አላውቅም። እርቅ ቢወርድም የፈሰሰ ደም አለ። ያውም በሌሊት!

ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የ17 ዓመት ልጄን አስከትዬ ወጣሁ። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ብርዱ ከጮቄ ተራራ በኩል እየመጣ አጥንት ይሰብራል። ጅብ ከወንዙ ማዶ ይጮሃል። ልጄ ባትሪውን እግሬ ሥር እያበራ "እማ፣ ቢተኩሱብንስ?" አለኝ። ዳዊት "ክፉን አልፈራም" ይላል። እኔ ፈርቻለሁ። እያንዳንዷን እርምጃ ፈርቻለሁ። ወንድሜ የመታበት ወሰን ጋ ስደርስ ባትሪውን አጥፋ አልኩት። በጨለማ ተሳልሜ አለፍኩ።

በሯን አንኳኳሁ።

"ማነው?"

ስሜን ብናገር ታውቀኛለች። ስሜ ጠፋኝ። "የገዳዩ እህት ነኝ" አልኩ።

ከውስጥ ሳል ሰማሁ። ቆይቶ መቀርቀሪያው ተንሸራተተ። ኩራዙን ከፍ አድርጋ ፊቴን አየችኝ።

"ጠቁረሻል" አለችኝ። "ግቢ፣ ብርድ ነው።"

ምድጃው ዳር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ጣቷን አንድ ወረቀት ላይ እንድታኖርልኝ ለመንኳት። እሳቱን እየቆሰቆሰች ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ያንን ዝምታ እንዴት ልጻፈው? ከ8ቱ ዓመት ይረዝማል።

"አባትሽ ድንጋዩን ሲያወርድ አንገቱ ደምቶ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ነፍሱን ይማር።" ከዚያ ጋቢዋን አነሳች። "ወረቀቱ ይቅር። ጣቴ ያለው ከኔ ጋር ነው። ራሴ እሄዳለሁ።"

ታናሹን ልጇን ቀሰቀሰችው። የሟቹ ወንድም ማለት ነው። በቅሎ ጫነላት። እስከ አማኑኤል በቅሎዋን እየሳበ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም ከኋላ እየተከተልኩ በልቤ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ከማለት ሌላ አልቻልኩም። ንጋት ላይ የመጀመሪያው ሚኒባስ ደብረ ማርቆስ አደረሰን። ሹፌሩን አልረሳውም፤ ነገሩን ሲሰማ ለእሷ የፊቱን ወንበር ሰጣት፣ ሒሳብም አልተቀበለንም። በረከት ያድርግለት።

ጠበቃችን ከማን ጋር እንደመጣሁ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ወንድሜ ተጠየቀ። ሳይሸፋፍን መለሰ። ስሙን ጠራው። እናትየው ስሙ ሲጠራ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ የመሃል ዳኛው እሷን ጠየቋት።

"ካሣውን ከአባቱ እጅ ተቀብያለሁ" አለች። "ልጄን አልመለሰልኝም። ይሄም እዚያ ቢበሰብስ አይመልስልኝም። ይውጣ።"

ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ተነበበ። ተፈቅዷል። የቀረው የፍርዱ ዘመን የአመክሮ ጊዜው ነው፤ ቢያጠፋ ይመለሳል። "እግዚአብሔር የጽዮንን ምርኮ በመለሰ ጊዜ፥ ደስ እንዳላቸው ሆንን" የሚለው እኔ ላይ ሲፈጸም አየሁት! ኮሪደሩ ላይ እልል ልል አፌን ከፍቼ እሷን አየኋት። ጥቁር ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር። እልልታዬን ዋጥኩት። ማግስቱ የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት ነበረች፤ እዚያ አወጣሁት።

አመክሮው በሰላም አልቋል፤ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን። ያቺን እናት በጸሎታችሁ አስቧት። ታናሹ ልጇ ከዚያ በኋላ ለሥራ ወጥቶ የሚያርስላት አጥታ ነበር። ወንድሜን በሽማግሌ አስጠርታ "ና እረስልኝ" አለችው። በየሰኔው ከእኛ ማሳ በፊት የእሷን ይዘራል። ወሰኑ ጋ ሲደርስ በሬዎቹን ያቆማል፣ ቆቡን ያወልቃል፣ ስሙን ይጠራል፣ ከዚያ ይመልሳቸዋል።