ክብራን ስንት ነው?

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሎጅ የጀልባ ትኬት ቆራጭ ሆኜ ስሠራ አለቃችን ሁለት ትንንሽ ባለ ሸራ ጀልባዎች ገዛ። ነዳጅ አይጠጡ፣ አይጮኹ። «ነፋስ እንደሆን በነፃ ነው» እያለ ያሞካሻቸው ነበር። ዋጋቸውን ከሞተር ጀልባው ጋር አንድ ሰሌዳ ላይ ጻፈው። ዘጌ ይሄን ያህል፣ ክብራን ይሄን ያህል።

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያች ሰሌዳ ነው።

ሞተር ጀልባ ክብራን ገብርኤል ከተባለ አፍንጫውን ወደ ደሴቱ አዙሮ ይነዳል። ሸራ ግን እንዲህ አይደለም። ቀን ላይ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ይነፍሳል። ክብራን ያለው ደግሞ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው። ባለ ሸራ ጀልባ ነፋስን ፊት ለፊት መግጠም አይችልም። ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባዋም ትቆማለች። ያለው አማራጭ ነፋሱን በጎን እየያዙ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እየሰበሩ መውጣት ነው። እንግዳ ይህን ከየት ያውቃል? «ደሴቱ እዚያ፣ ሰውዬው ወዴት ነው የሚወስደኝ?» ብሎ ገንዘቡን የጠየቀኝ አለ። አለቃችን ራሱ ከዳር ሆኖ ሲያይ ጀልበኛው የጠጣ መስሎት ያውቃል።

እውነቱን ለመናገር ደስታው ያለው እዚያው ዚግዛጉ ውስጥ ነው። ገመዱ መዳፍህ ውስጥ ይወጠራል። ጀልባዋ ዘንበል ስትል ሰውነትህን ወደ ላይኛው ጎን ትጥላለህ። ነፋሱ ድንገት ከበረታ ገመዱን ለቀቅ ታደርግና ቀና ትላለች። ሞተር ስለማይጮህ፣ በታንኳ የሚያልፈውን ዓሣ አጥማጅ ሰላም ብለህ መልሱን ትሰማለህ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሙሽሮች መጡ። ክብራን የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አያስገባም፤ ስለዚህ ከውሃው ላይ አይተው ሊመለሱ ተስማማን። መሪውን የያዙት አዛውንት በደንገል ታንኳ ከዘጌ እንጨት ሲያመላልሱ ያደጉ ናቸው። መንገድ ላይ ነፋሱ በረታ። ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ከሩቅ የመጣ ነፋስ የሚያስነሳው ሞገድ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፤ ትንሽ ጀልባን ፋታ አይሰጣትም። ጋሼ ደሴቱ ጋ ሳይደርሱ አዞሩ።

እኔ ከትኬት ቤቱ ያየሁት ሸራው ሲጠፋ ብቻ ነው። ሌላውን እሳቸው ነገሩኝ።

ነፋስ ከኋላ ሲሆን ጀልባዋ አብራው ስለምትሮጥ ፊት ላይ ብዙም አይሰማም። ጸጥ ይላል፣ ይሞቃል። ሙሽራው ነፋሱ የቆመ መሰለው። ስልኩን አውጥቶ ሚስቱን ፎቶ ሊያነሳ ብድግ አለ። «ኧረ ልጄ ቁጭ በል!» ብለው ሳይጨርሱ ሞገዱ የጀልባዋን ኋላ ገፋው። ነፋሱ በሸራው በወዲያኛው ጎን ገባ። ሸራውን ከሥር የያዘው ዘንግ ከዳር ዳር ጠርጎ ሙሽራውን ትከሻው ላይ መታው። ጀልባዋ ተገለበጠች።

ላይፍ ጃኬት ሁሉም ለብሰዋል። ጋሼ «ጀልባዋን ያዙ፣ ማንም እንዳይዋኝ!» ይጮኻሉ። ሙሽራው ግን የከተማው ቆርቆሮ ቅርብ መስሎት ወደዚያ መዋኘት ጀመረ። ውሃ ላይ ርቀት ያታልላል። ሙሽሪት የጃኬቱን ማሰሪያ ጨምድዳ ያዘችው፦ «ጥለኸኝ ልትሄድ?» ሞተር ጀልባው ሲደርስ፣ ጋሼ ከጀልባዋ ሆድ ሥር የሚወርደውን ሰሌዳ ረግጠው ቀና አድርገዋታል። የምሰሶው ጫፍ የጣናን ጭቃ ይዞ ነው የወጣው። ስልኩ እዚያው ቀረ።

አለቃችን ሸራ የሚባል ነገር ከሰዓት እንዳላይ አለ። ጋሼ ግን ነገሩን ሌላ ቦታ ያዙት፦ «ጌታው፣ ክብራን ድረስ ብለው ከሸጡት፣ እንግዳውም እኔም ዓይናችን ክብራን ላይ ነው። ነፋሱን ማን ያያል?» ሰሌዳው ተቀየረ። ለሸራ የቦታ ስም ወጣና በሰዓት ሆነ። ነፋሱ ሲነሳ መመለስ ማንንም ገንዘብ አያስከፍልም። ከሰዓት የሚወጡት ራቅ ሳይሉ ይመለሳሉ።

ጋሼም ነፋሱን ቀጥ አድርገው ከኋላ መያዝ ትተዋል። ሲመለሱ ሰያፍ ይመጣሉ፤ መዞር ሲኖርባቸው እንግዳውን አስጎንብሰው፣ ዘንጉን በእጃቸው ይዘው ያሻግሩታል። አለቃችን በረንዳው ላይ ሆኖ ያያል። «መሄዱስ እሺ» አለኝ ባለፈው፣ «ነፋሱ እየገፋቸው ደሞ ምን ያጣምማቸዋል?»