ባሌስትራው ይቀራል

የመወዳደሪያ መኪናዬ የደስተሬ ነገር ዛሬ ለየለት። የኋላ ባሌስትራዋ፣ ማለትም አክስሉን ከአካሏ ጋር የያዘው ተደራራቢ የብረት ሞላ፣ ወጥቶ በሌላ አይተካም። ስንት ወር ሲያብሰለስለኝ የከረመ ጉዳይ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ሳይበርድብኝ ልጻፈው።

መኪናዋ የ1970 ፕሊመዝ ደስተር ናት። ሞተሯ 340 ኪዩቢክ ኢንች፣ በሊትር 5.6፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 275 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈላት። የምሮጥባት እዚሁ ሜሪላንድ፣ በድስ ክሪክ ባለው የድራግ መንገድ ላይ ነው፤ ድራግ ከቆመችበት ተነስታ ሩብ ማይል፣ 402 ሜትር ቀጥታ የምትሮጥበት ውድድር ነው። ኮፈኑን ስከፍት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ካርቡሬተሩና ስለ ካምሻፍቱ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ኋላዋን የሚያይ የለም። እኔ ግን ነገሩ የሚለየው የመጀመሪያው 60 ጫማ፣ 18 ሜትር ግድም ላይ ነው ባይ ነኝ። እዚያ አንድ አስረኛ ሰከንድ ያተረፈ ሰው፣ 402 ሜትሩ ሲያልቅ አንድ ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት አስረኛ አትርፎ ይገኛል። ያንኑ በሞተር ልግዛ ቢል ዋጋው አይቀመስም።

ችግሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ከኋላ ጎማው ጎን ስልክ አስቀምጠን በዝግታ የቀረጽነው ቪዲዮ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ነዳጁን እረግጣለሁ። ጎማው ወደ ፊት ልዙር ሲል የዲፈረንሻሉ አፍንጫ፣ ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ የሚገባበት የፊት ጫፍ፣ ወደ ላይ ይነሳል። አክስሉን ይዞ የሚያስቀረው ባሌስትራው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ብረት ቢሆንም ይለመጣል። ከአክስሉ ፊት ያለው ክፍል ወደ ላይ፣ ከኋላ ያለው ወደ ታች እየጎበጠ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ከዚያ ተስፈንጥሮ ይመለሳል፣ ጎማው አስፋልቱን ይለቃል፣ መልሶ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። እንዲህ የሚዘል ጎማ ሰዓት ማባከን ብቻ ሳይሆን ክሮቸራ ይሰብራል፣ ሲብስም አክስል ይበጥሳል።

ሌላም አለ። ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ አክስሉን ራሱን ሊያዞረው ስለሚታገል፣ የግራውን ጎማ ወደ መሬት ይጫነዋል፣ የቀኙን ያቀለዋል። አካሏ በአንጻሩ ወደ ቀኝ ኋላ ይቀመጣል።

የክራይስለር መሐንዲሶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ራምቻርጀርስ የተባለው የድራግ ቡድን ከመካከላቸው የወጣ ነው፤ ቀን ቢሮ፣ ቅዳሜና እሁድ ውድድር ሜዳ። ኩባንያው በ1960ዎቹ ሱፐር ስቶክ የሚባል ባሌስትራ ለተወዳዳሪ አወጣ። አክስሉ የሚያርፈው መሃሉ ላይ ሳይሆን ወደ ፊት ተጠግቶ ነው። የፊተኛው ክፍል አጭርና ጠንካራ ስለሆነ አይጠማዘዝም። ቀኙና ግራው ደግሞ እኩል አይደሉም፤ ያ የመጠምዘዝ ጉልበት እንዲመጣጠን የቀኙ ይበረታል። ከዲፈረንሻሉ አፍንጫ በላይ የምትቀመጥ ከላስቲክ የተሠራች አንዲት መደገፊያም ነበረች፤ አፍንጫው ሊነሳ ሲል ወለሉን ትመታና ታስቆመዋለች። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ ደስ ይለኛል። የተጨመረ ውስብስብ ነገር የለም፣ የነበረውን በደንብ ማወቅ ብቻ ነው።

በያጁ ጓደኛዬ ግን ሐሳቡ ሌላ ነበር። «ስማኝ፣ ወለሏን ቆርጠን ፎር ሊንክ እናስገባላት። ብየዳውን ለኔ ተወው» አለኝ። እጁን አውቃለሁ፣ የሚበይደው ብረት ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው። ፎር ሊንክም ለፈጣን መኪና ወደር የለውም። በየጎኑ ሁለት ሁለት ዘንግ፣ ማሰሪያዎቹ ላይ የተደረደሩ ቀዳዳዎች፣ ባሌስትራው ወጥቶ በቦታው ሞላና ሾክ አንድ ላይ። ላይና ታች ያሉትን ዘንጎች በሐሳብ መስመር ወደ ፊት ብታስቀጥላቸው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ መኪናዋ የምትገፋው ከዚያ ነጥብ ነው። ነጥቡ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ሲጠጋ ጎማውን በኃይል ይደቁሰዋል፤ ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ሲርቅ ይለዝባል። አንድ ቡሎን ከቀዳዳ ቀዳዳ ባዛወርክ ቁጥር ሌላ መኪና ትሆንብሃለች። ያንን ለማጥናት ደጋግሞ መሮጥ፣ እያንዳንዱን ሩጫ መመዝገብ ይጠይቃል። ከሥራ የሚተርፈኝን ጥቂት ቅዳሜ በቀዳዳ ፍለጋ ማሳለፍ አልፈልግም።

ሌላው አማራጭ ላደር ባር ቀለል ይላል፤ በየጎኑ አንድ ሦስት ማዕዘን፣ ከአክስሉ ጋር የታሰረ፣ ፊት ለፊት አንድ መታጠፊያ ብቻ። ቀጥ ባለ መንገድ እምነት የሚጣልበት ነው። ግን አንዱ ጎማ ጉብታ ሲወጣ አክስሉ ዘንበል ማለት ስለማይችል ጭንቀቱ ማሰሪያዎቹ ላይ ያርፋል። የኔዋ ደግሞ እሁድ እሁድ ልጆቼን ከኋላ ጭና ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ መኪና ናት። ሰዓቷም ገና 12 ሰከንድ ከምናምን ነው። የአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር በሆነው በኤንኤችአርኤ ደንብ፣ እንዲህ ላለች መኪና ስትገለበጥ ነጂውን የሚጠብቅ የብረት ቀስት የሚጠየቀው ሩጫውን በ11.49 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ስትጨርስ ነው፤ እዚያ ያልደረሰች መኪና ወለል ለምን ይቆረጣል?

ከ1964 እስከ 1972 የተሠራች ሸቭሮሌት ሸቬል ብትኖረኝ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እሷ ከፋብሪካ በሞላና በአራት ክንድ ነው የመጣችው፤ የላይኛውን ክንድ ማሰሪያ ከፍ አድርጎ፣ ቀኝ ሞላ ውስጥ የአየር ከረጢት ከቶ ብዙ መራመድ ይቻላል።

ለደስተር የመረጥኩት ካልትራክስ የሚባል፣ ባሌስትራው ሳይወጣ የሚጨመርበት መሣሪያ ነው። ባሌስትራው የፊት ቡሎን ላይ ሦስት ማዕዘን ሳህኖች ይገባሉ፤ ከታችኛው ጫፋቸው አንድ ዘንግ ተነስቶ አክስሉ ሥር ይታሰራል። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ሊነሳ ሲል የአክስሉ ታች ወደ ፊት ይሄዳል፣ ዘንጉን ይገፋል፣ ሳህኑ ይዞርና የኋላ ጫፉ ባሌስትራውን ከላይ ወደ ታች ይጫነዋል። መጠማዘዣ ሊሆን የነበረው ጉልበት ጎማውን አስፋልት ላይ መጫኛ ሆነ ማለት ነው። የሚበየድ ነገር የለም፤ በቡሎን ገብቶ በቡሎን ይወጣል።

ዛሬ ከጓደኛዬ ጋር ገጠምነው። እሱ ሥሯ ተኝቶ ዘንጉን በእጁ ሲያዞር፣ እኔ ከጫፉና ከባሌስትራው መካከል ያለውን ክፍተት በባትሪ አያለሁ። ብርሃን ማሳለፉን ሲያቆም «በቃ፣ ነካ» አልኩት። ግራውን እዚያው ላይ አሰርነው። ቀኙን ከነካ በኋላም ትንሽ ጨምረን አዞርነው፤ ቀጥ ብላ ካልወጣች መጀመሪያ የምንነካው እሱን ነው። ሾኮቹን ሜዳ ላይ እናያቸዋለን፤ ጎማው መትቶ ከተመለሰ እናጠነክራቸዋለን። ሰፋ ያለ ስሊክ፣ ጥርስ የሌለው የውድድር ጎማ፣ አስሬ ሞተሩንም ለውጬ 60 ጫማው ላይ መንሸራተቷን ካልተወች፣ ያኔ የጓደኛዬን መቁረጫ እጠራዋለሁ።