ፊደል ሳይሆን ቀለም መቁጠር፦ ከግጥም ትንተና መልመጃችን

እስካሁን ከሠራናቸው መልመጃዎች ሁሉ ብዙ ያስተማረን ሕዝብ ለአፄ ቴዎድሮስ ሞት (ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.) የገጠመው ይህ ሙሾ ነው፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ድምፅ አረፍ የሚለው ከ«ላይ» እና ከ«አናውቅም» በኋላ ስለሆነ አራት ሐረግ ይወጣዋል። ፊደል ስትቆጥሩ 9፣ 7፣ 9፣ 10 ይመጣና ምጣኔው የተዛነፈ ይመስላል። በቀለም (አንድ ላይ በሚነገር የድምፅ ክፍል) ግን አራቱም ስድስት ስድስት ናቸው፤ ይህ 6 በ6 የሚሄደው የግጥም ዓይነት፣ የወል ቤት ነው።

መቅ-ደ-ላ-ፋ-ፉ-ላይ / ጩ-ኸት-በ-ረ-ከ-ተ
የ-ሴ-ቱን-አን-ናው-ቅም / ወን-ዳን-ድ-ሰው-ሞ-ተ

በመጀመሪያው ሐረግ የ«አፋፉ» «አ» በ«ላ» ይዋጣል። «አናውቅም» ላይ «ና» ይጠብቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጨረሻው ሐረግ ነው፦ ሳድስን (እንደ «ድ» እና «ን» ያለውን ስድስተኛ ፊደል) ሁሉ ድምፅ አልባ አድርጎ ይቆጥርና 5 ያገኛል። የ«ወንድ» «ድ» ከ«አ» ጋር ተጋጥሞ «ዳን» ይሆናል፤ የ«አንድ» «ድ» ግን በ«ን» እና በ«ሰ» መካከል ስለተጣበቀ ትንሽ አናባቢ ይዞ ራሱን የቻለ ቀለም ይሆናል።

ቤቱ የሚመታው (ሁለቱ ስንኞች መጨረሻቸው ላይ የሚገጥሙት) በ«ተ» ብቻ ነው። ከፊቱ ያሉት «ከ» እና «ሞ» አይገጥሙም፤ መድረሻው ሳድስ ስላልሆነ ግን ይበቃል። በሳድስ ሲያልቅ ከፊቱ ያለውም መግጠም አለበት፦ «ሀገር» ከ«ነገር» ጋር ጥሩ ይመታል፣ ከ«ምድር» ጋር ይላላል። እንዲህ ያለ በኃላፊ ግሥ የሚዘጋ ቤት በአማርኛ በቀላሉ ስለሚገኝ የሙሾው ጉልበት እዚህ አይደለም።

ስሜቱን «ሐዘን» ብሎ ማለፍ ግጥሙን ግማሹን መተው ነው። «በረከተ» በረከትን የሚያስታውስ ቃል ነው፤ እዚህ የበረከተው ለቅሶ ነው። ከዚያ «የሴቱን አናውቅም» ሲል ጆሯችን ቀጥሎ የሚመጣውን «ወንድ» በጾታ እንዲሰማው ያዘጋጀዋል፤ ሰሙ ይሄ ነው። ወርቁ በ«አንድ» ይመጣል፦ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ወንድ የሚባል ጀግና አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ሞተ። ለቅሶው ወደ ውዳሴ፣ ለተረፉት ደግሞ ወደ ወቀሳ ይዞራል። ንባቡም እዚያው ላይ ይከብዳል፤ ሌሎቹ ሐረጎች ሁለት ሦስት ቃል ሲይዙ ይሄኛው በዚያው 6 ቀለም አራት አጫጭር ቃላት ይዟል።

ለማረጋገጥ «አንድ»ን አውጥታችሁ አንብቡት፦ ወን-ድ-ሰው-ሞ-ተ። ሐረጉ 5 ቀለም ይሆናል፣ ወርቁም አብሮ ይሄዳል። ቀጣዩ መልመጃ 5 በ5 የሚሄደው የግጥም ዓይነት፣ ሰንጎ መገን ነው።