አንድ መቶኛ ሚሊዋት

ሁለት የሙዚቃ ማጫወቻዎችን ለማወዳደር የመጀመሪያው ሥራ ድምፃቸውን እኩል ማድረግ ነው። ይህ ሳይደረግ የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ለእኔ ዋጋ የለውም። ሰሞኑን የራሴም፣ ከአንድ ወዳጄ በውሰት ያገኘኋቸውም ውድ ውድ ተንቀሳቃሽ ማጫወቻዎች ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረዋል። ማታ ማታ የጆሮ ማዳመጫዬን ከአንዱ እየነቀልኩ ሌላው ላይ እሰካለሁ። የሰማሁትንና ያሰብኩትን ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው።

ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ የተሻለ አድርጎ ይቀበላል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ አድማጩ «ይሄኛው ይጮኻል» ብሎ ይቀንሰዋል። ልዩነቱ ግማሽ ወይም አንድ ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ሲሆን ግን መጮኹን አያስተውልም፤ «ይሄኛው ጠርቷል፣ ሰፍቷል፣ ቤዙ ሞልቷል» ይላል። ምክንያቱ ከታወቀ ቆይቷል። ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን በተለይ ለወፍራሙ ድምፅ ይደነዝዛል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ያው ወፍራም ድምፅ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ 100 ኸርዝ የሆነ ወጥ ድምፅ እያጫወትኩ፣ ማዳመጫው እንደተሰካ፣ መውጫው ላይ ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር እለካለሁ። የ1 በመቶ የቮልቴጅ ልዩነት ወደ 0.1 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ስችል እዚያ ድረስ አቀራርባቸዋለሁ። ሁልጊዜ አይቻልም። ብዙ ማጫወቻዎች ድምፅ የሚጨምሩትና የሚቀንሱት በግማሽ ዴሲቤል እርምጃ ስለሆነ አንዳንዴ የምፈልገው ነጥብ በሁለት እርምጃዎች መካከል ይወድቃል። ከዚያ ታናሽ እህቴ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳትነግረኝ ገመዱን ታቀያይርልኛለች። መቀያየሩ ፈጣን መሆን አለበት፤ ጥቃቅን የድምፅ ጠባይ ከጥቂት ሴኮንዶች በላይ በአእምሮ ውስጥ እንዳለ አይቆይም።

ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላ ከልዩነቱ አብዛኛው ይጠፋል። ይህን በመጻፌ ቅር የሚላቸው ወዳጆች አሉኝ። ነገር ግን የሰማሁት ይህንን ነው፤ ያልሰማሁትን ሰማሁ ማለት ሙዚቃውንም ወዳጆቼንም መናቅ ይሆንብኛል።

በተለይ ስለ ቺፕ የሚወራው ብዙ ነው። ዲጂታሉን ቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው ቺፕ፣ አድማጮች «ዳክ» የሚሉት፣ የማጫወቻው ነፍስ ተደርጎ ይቆጠራል። ኤኬኤም የተባለው ኩባንያ ቺፕ ለስላሳ ነው፣ የተፎካካሪው የኢኤስኤስ ደግሞ ስል ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ጃፓን ውስጥ ኖቤኦካ ከተማ የሚገኘው የኤኬኤም ፋብሪካ ሲቃጠል ይህ አባባል ሳይታሰብ ለፈተና ቀረበ። ቺፑ ከገበያ ጠፋ፤ ሠሪዎቹም ዕቃቸውን እንደገና ለመንደፍ ተገደዱ። ፊዮ የተባለው ማጫወቻ ሠሪ ኤም 11 ፕላስን በተወሰነ ቁጥር ከኤኬኤም ቺፕ ጋር ካወጣ በኋላ ዋናውን ምርት በኢኤስኤስ ቺፕ ሠራው። ኢባሶ በዲኤክስ 320 ላይ ሮም ወደተባለ ኩባንያ ቺፕ ዞረ። ሂቢ ደግሞ አርኤስ 6 ላይ ዝግጁውን ቺፕ ትቶ ሥራውን በመሰላል መልክ ለተደረደሩ ሬዚስተሮች ሰጠ። የብሪታንያው ኮርድ ከእሳቱ አስቀድሞም በራሱ መንገድ ይሄድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሞጆ የሚሠራው ኩባንያው ራሱ ፕሮግራም በጫነበት ቺፕ ነው። መንገዱ ይህን ያህል ይለያያል፣ የሚደረስበት ግን ተቀራራቢ ቦታ ነው። የሲዲ ቅጂ 16 ቢት በመሆኑ ከጸጥታው እስከ ጩኸቱ ድረስ ያለው ስፋት 96 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ዛሬ በደህና ማጫወቻ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ዳክ ይህን ያለ ችግር ይሸከመዋል። በቺፕ ስም ማጫወቻ መምረጥ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? እኔ ያገኘሁት በትንንሽ ፊደል በሚጻፍ፣ አንዳንዴም ጨርሶ በማይጻፍ ቁጥር ውስጥ ነው፤ የመውጫ ኢምፒዳንስ ይባላል። ማጫወቻው በራሱ መውጫ በኩል ኤሌክትሪኩን የሚቃወምበት መጠን ነው፤ የሚለካውም በኦም ነው። እኔ አብዝቼ የማዳምጥበት ኢርፎን በእያንዳንዱ ጆሮ ብዙ ጥቃቅን ድምፅ አመንጪዎች የያዘ ነው። እንዲህ ያለ ኢርፎን አንድ ቋሚ ኢምፒዳንስ የለውም፤ ለአንዱ የድምፅ ክልል 5 ኦም፣ ለሌላው 40 ኦም ሊሆን ይችላል። የማጫወቻው መውጫ 1 ኦም ቢሆን በእነዚህ ሁለት ክልሎች መካከል የሚፈጠረው መዛነፍ ወደ 1.4 ዴሲቤል ነው። 10 ኦም ሲሆን 7.6 ዴሲቤል ይደርሳል። ይህን ለመስማት የሠለጠነ ጆሮ አያስፈልግም። የዘፋኟ ድምፅ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ወይም ጸናጽሉ ፊት ለፊት ወጥቶ ይጮኻል፤ ባለቤቱ የገዛው ኢርፎን ሌላ ኢርፎን ሆነ ማለት ነው።

ውድ መሆን ከዚህ አያድንም። አይሪቨር አስቴል ኤንድ ከርን በሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የመጀመሪያው ኤኬ 100 መውጫው 22 ኦም ነበር። ከላይ ባልኩት ኢርፎን ቢሰላ መዛነፉ ከ10 ዴሲቤል ያልፋል። ተሻሽሎ የወጣው ሁለተኛው ቅጂ ወደ 3 ኦም ወርዷል። ያው ኤኬ 100 እንደ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ያለ 300 ኦም የሆነ ማዳመጫ ቢሰካበት ግን መዛነፉ ከቁጥር የሚገባ አይሆንም። አንድ ማጫወቻ ለአንዱ ሰው ግሩም፣ ለሌላው የተበላሸ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት አድማጮች ስለ አንድ ዕቃ ሲጣሉ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ሰክታችሁ ነው የምታዳምጡት ብዬ ነው። የመውጫው ኢምፒዳንስ ከማዳመጫው አንድ ስምንተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው የሚለውን የቆየ መመሪያ እኔም እከተላለሁ፤ ብዙ አመንጪ ላላቸው ኢርፎኖች ግን ከዚያም ዝቅ ማለት አለበት፣ ቢቻል ከ1 ኦም በታች።

አሁን ደግሞ ወደምወደው ስሌት ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው የማዳመጥ ገደብ 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። እኔም ከዚያ ላለማለፍ እጠነቀቃለሁ፤ ጆሮዬን ለረጅም ዓመታት እፈልገዋለሁ። ኢርፎኑ በ1 ሚሊዋት 100 ዴሲቤል የሚሰጥ ከሆነ 80 ዴሲቤል ለማውጣት የሚበቃው አንድ መቶኛ ሚሊዋት ነው። አንድ መቶኛ! ዝቅ ዝቅ ያለው የሙዚቃው ክፍል፣ ዘፋኟ ልትጀምር ስትል የምትስበው ትንፋሽ፣ ፒያኖው ከተመታ በኋላ የክሩ ድምፅ እየሳሳ የሚሄድበት ጊዜ፣ የሚኖረው ደግሞ ከዚያም በጣም በታች ነው። የማስታወቂያ ወረቀቱ 500 ወይም 1000 ሚሊዋት ብሎ ሲፎክር እኔ የምጠይቀው የታችኛውን ጫፍ ነው። ይህ ማጫወቻ ምንም ሳያጫውት ምን ያህል ጸጥ ይላል?

ከተዋስኳቸው አንዱ በጉልበቱ የሚሞገስ ነው፤ ኢርፎኔን ስሰካበት ግን ሙዚቃው ሳይጀመር ሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። በድሮ የቴፕ ቅጂዎችም ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ አለ፤ እሱን ግን አልጠላውም። የቴፑ ድምፅ ከቅጂው ጋር ይመጣል፣ ከቅጂው ጋር ይሄዳል፤ እንዲያውም ስቱዲዮው ውስጥ የነበረውን አየር የሰማሁ ይመስለኛል። የማጫወቻው ሽሽታ ግን በዘፈኖች መካከልም አይለቅም፣ ማንም ሊቀዳው ያላሰበው ነገር ነው። በዚህ በኩል ጥሩ ማጫወቻ የሚያስከፍለው ገንዘብ ትርጉም እንዳለው አምናለሁ። ጸጥታን መሥራት ከባድ ነው፤ ስክሪን፣ ፕሮሰሰር፣ ዋይፋይና ባትሪ በአንድ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ተጨናንቀው ከአንድ ሚሊዮንኛ ቮልት ጥቂት እጥፍ የሆነ ጫጫታ ብቻ እንዲኖር ማድረግ የሚያስመሰግን ምሕንድስና ነው።

ጉልበት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ሂፊማን ሱስቫራ የሚባለው ትልቅ ማዳመጫ 60 ኦም ሆኖ በ1 ሚሊዋት የሚሰጠው 83 ዴሲቤል ብቻ ነው። የኦርኬስትራ ከፍታዎችን በ110 ዴሲቤል ለማስተናገድ 500 ሚሊዋት፣ ማለትም 5.5 ቮልት ያህል ይጠይቃል። እንደ ፊዮ ኤም 17 ያሉት ግዙፍ ማጫወቻዎች የተሠሩት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ኤም 17 610 ግራም ይመዝናል፤ ተንቀሳቃሽ ነው ቢባልም ኪስ ውስጥ ይዤው አልወጣም። ባለ 4.4 ሚሊ ሜትሩ ባላንስድ መውጫም (ለእያንዳንዱ ጆሮ ድምፁን በሁለት ተቃራኒ ሽቦዎች የሚልከው) ብዙውን ጊዜ ቮልቴጁን እጥፍ ስለሚያደርግ ለከባድ ማዳመጫ ይጠቅማል፤ ለእኔ ኢርፎን ግን ጫጫታውንም ኢምፒዳንሱንም ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል 3.5 ሚሊ ሜትሩ ይበቃኛል።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣቸውን ሁለት ማጫወቻዎች ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ኤንደብሊው ደብሊውኤም 1ኤ ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን 267 ግራም ይመዝናል። ታላቅ ወንድሙ ደብሊውኤም 1ዜድ ወርቅ ከተቀባ መዳብ ተሠርቶ 455 ግራም ይመዝናል። የማጉያው ንድፍ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ዋነኛው ልዩነት ብረቱና የውስጥ ሽቦው ነው፣ ዋጋው ግን ሰማይና ምድር። ዜዱን እጄ ላይ ሳደርገው ክብደቱና ቅዝቃዜው ደስ ይለኛል፤ በእጅ የሚያዝ ነገር ማማር አለበት ብዬም አምናለሁ። ገንዘቡ የሚከፈለው ለእጅ ደስታ ከሆነ አልቃወምም። ለድምፅ ነው ከተባለ ግን እህቴ ከጀርባዬ ስትቀያይራቸው መለየት እንዳልቻልኩ እናገራለሁ።

ስልክስ? ጣት የምታህል አስማሚ የተሰካበት ስልክ ቀላል ኢርፎን በሚገባ ያጫውታል፤ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ከዚህ እንዲጀምር እመክራለሁ። የአንድሮይድ ስልኮች ብዙውን ጊዜ ሁሉንም ድምፅ ወደ 48 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 48 ሺህ ናሙና፣ ይለውጣሉ፤ የሲዲ ቅጂ 44.1 ስለሆነ ይህ የሚያሳስባቸው አሉ፣ እኔ ግን በጥሩ ስልክ ላይ ልዩነቱን ሰምቼ አላውቅም። ማጫወቻዬን የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። የእኔው ደብሊውኤም 1ኤ በጎኑ በኩል እውነተኛ ቁልፎች አሉት፤ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ሳላየው ዘፈን አልፋለሁ፣ ድምፅ እቀንሳለሁ። የሚሠራውም በሶኒ በራሱ ሥርዓት እንጂ በአንድሮይድ አይደለም፤ ስለዚህ መተግበሪያው አረጀ፣ አይደገፍም የሚል መልእክት አይመጣበትም። ባትሪው ግን እያረጀ ነው። ሊቲየም ባትሪ በአገልግሎት ዘመን አቅሙን እንደሚያጣ ሠሪዎች ሁሉ ያውቃሉ፤ ይህን ያህል ዋጋ የሚጠየቅበትን ዕቃ ባለቤቱ በቀላሉ ከፍቶ ባትሪ እንዳይቀይርበት አድርጎ መዝጋት ያሳዝነኛል። ከአዲስ ቺፕ ይልቅ በሁለት ብሎን የሚከፈት ጀርባ ቢሰጡኝ በደስታ እገዛለሁ።

ከተዋስኳቸው ውስጥ ጆሮዬ በእርግጥ የለየው አንዱን ነው፤ ካዪን ኤን 8ን። በውስጡ ኮርግ ከኖሪታኬ ጋር የሠራው ኑቲዩብ አለበት፤ እንደ ድሮ ራዲዮ አምፖሎች በቫኪዩም የሚሠራ፣ ነገር ግን ከፍሎረሰንት ማሳያ ቴክኖሎጂ የተወለደ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ሳጥኑን በጣት ሲነኩት ቲዩቡ ንዝረቱን ይዞ ጆሮ ውስጥ ደወል መሰል ድምፅ ያሰማል። ቲዩብ በዋናው ድምፅ ላይ በእጥፍ ድግግሞሽ የሆነ ረቂቅ ድምፅ፣ ማለትም ኦክታቩን፣ ይጨምራል። በመለኪያ ቋንቋ ይህ መዛባት ነው። ቢሆንም ሳክስፎኑ ሰውነት አገኘ፣ የሴቷም ድምፅ ቀረበኝ፤ ይህን ደግሞ ገመዱ በተቀያየረ ቁጥር አወቅኩት። ታማኝ አይደለም፣ ግን ወድጄዋለሁ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። እስካሁን ያዳመጥኩት በኢርፎኑ ብቻ ስለሆነ 300 ኦሙ ኤችዲ 600 ላይ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ እፈልጋለሁ። ሌሎቹን ሰኞ እመልሳለሁ፤ ይሄኛውን ግን አንድ ሳምንት እኔ ጋር እንዲያቆይልኝ ወዳጄን እለምነዋለሁ።